ሦስቱ 67 በመቶዎች፦ የምግብ አለርጂ ኢሚዩኖቴራፒ «ሠራ» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

#1 ጤና_አዳም
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ጥያቄዬ ስለ ኢሚዩኖቴራፒ (ሰውነትን አለርጂ ከሚያስነሳበት ምግብ ጋር ቀስ በቀስ የማላመድ ሕክምና) አኃዝ ነው። በኦቾሎኒ አለርጂ ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያወጣቸው ሦስት ጥናቶች አሉ። ፓሊሴድ (2018) የተመጠነ የኦቾሎኒ ዱቄት በየቀኑ ማብላት ነው፤ 67.2 በመቶ ተሳካላቸው ይላል። ኤፒቶፕ (2023) ከ1 እስከ 3 ዓመት ያሉ ሕፃናት ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ፓች ነው፤ 67.0 በመቶ። አውትማች (2024) ኦማሊዙማብ የተባለው መርፌ ነው፤ እሱም 67 በመቶ። ታዲያ ሦስቱ እኩል ናቸው ማለት ነው? በወላጆች ቡድኖች ውስጥ «የትኛውም ያው ነው» ሲባል አያለሁ። ልኬቱን የምታውቁ ብታብራሩልን።

#2 ነጭ_ጋውን
ያው አይደሉም። ሦስቱም «ተሳካ» ሲሉ የሚሉት ሌላ ሌላ ነገር ነው።

ፓሊሴድ ውስጥ የገቡት በ100 ሚሊግራም ፕሮቲን ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ምልክት ያሳዩ ናቸው። ዋናው ውጤት የተሰላው ከ4 እስከ 17 ዓመት ባሉት ላይ ነው። አንድ ዓመት ገደማ ታክመው መጨረሻ ላይ 3፣ 10፣ 30፣ 100፣ 300፣ 600 እያሉ በሐኪም ፊት ይበላሉ። የ600ዋን መጠን ፈተናውን የሚያስቆም ምልክት ሳያሳይ የጨረሰ አለፈ። እዚያ ሲደርስ በጠቅላላው 1043 ሚሊግራም በልቷል።

ኤፒቶፕ በሌላ መንገድ ነው የቆጠረው። እዚያ የሚታየው ልጁ የቻለው መጠን ሳይሆን ምልክት የቀሰቀሰበት መጠን ነው። መጀመሪያ በ10 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች የተነሳበት ልጅ ከ12 ወር በኋላ መቀስቀሻው 300 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ ተሳካለት ይባላል፤ መጀመሪያ ከ10 በላይ የነበረው ደግሞ 1000 ወይም ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። ይህችን ልብ በሉ፦ 1000 ላይ ሰውነቱ ሽፍ ያለ ልጅ በዚህ ሕግ አልፏል። ያለ ችግር የበላው ግን 300 ብቻ ነው። በፓሊሴድ ሕግ ያ ልጅ በዚህ ብቻ አለፈ አይባልም።

አውትማች የ600ን መስፈርት ይጠቀማል፤ ነገር ግን ኦማሊዙማብ ኢሚዩኖቴራፒ አይደለም። በደም ውስጥ ያለውን አይጂኢ (አለርጂውን የሚቀሰቅሰውን ፀረ እንግዳ አካል) ይዞ ሥራ ያስፈታዋል እንጂ ሰውነትን ከምግቡ ጋር አያላምድም። የተለካውም መርፌው እየተሰጠ ሳለ፣ ከ16 እስከ 20 ሳምንት ሕክምና በኋላ ነው።

#3 ቀመር
ነጭ ጋውን በነካው ላይ ልጨምር። አንድን አኃዝ ብቻውን አታንብቡ፤ ከጎኑ ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ) የወሰዱት ስንት እንዳለፉ እዩ። ፓሊሴድ 67.2 በ4.0 ነው። አውትማች 67 በ7 ነው። ኤፒቶፕ 67.0 በ33.5 ነው። ባዶ ፓች ከለጠፉት ሕፃናት ሲሶው አልፏል ማለት ነው።

ይህ የሆነው ጥናቱ ስለተበላሸ አይደለም። አንደኛ፣ በዚያ ዕድሜ አለርጂው በራሱ ጊዜ የሚለቃቸው ልጆች አሉ። ሁለተኛ፣ የአንድ ልጅ ደፍ (ምልክት የሚጀምርበት መጠን) ቋሚ አይደለም፤ ዛሬ በ300 የተነሳበት በሌላ ቀን 1000 ላይ ሊነሳበት ይችላል። በኤፒቶፕ ሕግ መነሻው 300 የነበረ ልጅ አንድ ደረጃ ብቻ ከወጣ ይቆጠርለታል፤ መነሻው 10 የነበረው ግን 30ን እና 100ን አልፎ 300 መድረስ አለበት፣ ሦስት ደረጃ። አንድ ደረጃ በአጋጣሚም ይወጣል።

ስለዚህ ያለ ፕላሴቦ «ከታካሚዎቻችን 80 በመቶው አለፉ» የሚል የክሊኒክ ማስታወቂያ ስታዩ፣ ሕክምናው ባይኖር ስንቱ ያልፍ ነበር የሚለው አልተመለሰም። ለወተትና ለእንቁላል ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ አብዛኞቹ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ኦቾሎኒን የሚተዋቸው ከአምስት አንድ ያህል ናቸው።

ሌላው ተካፋዩ ነው። በፓሊሴድ ሕክምናውን ከጀመሩት 372 ውስጥ 250ው አለፉ፤ 67.2 በመቶ። እስከ መጨረሻው ፈተና የደረሱት ግን 296 ናቸው። 250ን ለ296 ካካፈልክ 84.5 በመቶ ይመጣል። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። ዛሬ ልጁን ለማስጀመር የሚያስብ ወላጅ 67.2ን ይያዝ፤ ያቋረጡት አንዳንዶቹ ያቋረጡት ሕክምናው ራሱ ስላስቸገራቸው ነውና። ከታካሚዎቹ 11.6 በመቶው በጎንዮሽ ጉዳት ወጥተዋል፤ ከፕላሴቦው 2.4።

#4 እናት_በሜሪላንድ
እግዚአብሔር ይስጥልን። 600 ሚሊግራም ስትሉ በዓይን ስንት ነው? ደግሞስ ልጁ ካለፈ ቆሎ ከሰው ጋር ሊበላ ይችላል?

#5 ሚዛን
እህቴ፣ አንድ የኦቾሎኒ ፍሬ 250 ሚሊግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 600 ከሁለት ፍሬ ትንሽ ይበልጣል፣ 1000 አራት ፍሬ ነው፣ 3000 አሥራ ሁለት። ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ አንድ እፍኝ ውስጥ አሥር ፍሬ ሊኖር ይችላል፤ ያ 2500 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 600ን ማለፍ ቆሎ ለመብላት ፈቃድ አይሆንም። ትርጉሙ ከማያውቀው ኬክ ላይ በስህተት አንድ ጉርሻ ቢወስድ ከባድ ነገር የመነሳቱ ዕድል ቀንሷል ማለት ነው። በአሜሪካ በጃንዋሪ 2020 የተፈቀደው የኦቾሎኒ ዱቄት መድኃኒት (ፓልፎርዚያ) መመሪያም ታካሚው ከኦቾሎኒ መራቁን እንዲቀጥልና አድሬናሊኑን (ለከባድ አለርጂ የሚወጋውን መርፌ) ከእጁ እንዳይለይ ያዛል።

መጠኑን የሚያዘጋጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱበትን ነገር ላንሳ፤ ልኬቱ የሚበላሸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ለፈተና የሚውለው ቅባቱ የተቀነሰ የኦቾሎኒ ዱቄት ግማሹ ያህል ፕሮቲን ነው። 100 ሚሊግራም ፕሮቲን ከፈለግህ 200 ሚሊግራም ዱቄት ትመዝናለህ። 3 ሚሊግራም ፕሮቲን ግን 6 ሚሊግራም ዱቄት ነው፤ በጣት ጫፍ የሚቀር ብናኝ። የወጥ ቤት ሚዛን አያየውም። ትክክለኛ የላብራቶሪ ሚዛን ከሌለ ማቅጠን ነው መፍትሔው፦ 100 ሚሊግራም ዱቄት (50 ሚሊግራም ፕሮቲን) ወፈር ባለ 50 ግራም የቸኮሌት ክሬም ውስጥ በደንብ ይደባለቃል። አሁን እያንዳንዱ ግራም 1 ሚሊግራም ፕሮቲን ይዟል። 3 ግራም ሰጥተህ 3 ሚሊግራም አበላህ፣ 10 ግራም ሰጥተህ 10። ክሬሙ ቀጭን ከሆነ ዱቄቱ ይዘቅጣል፤ የመጀመሪያው ማንኪያ ባዶ፣ የመጨረሻው ደግሞ እጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ በጥቂት ክሬም እንደ በሶ አሽቶ ቀሪውን ቀስ በቀስ መጨመር ጓሉን ያጠፋል።

ቅባትም ተጠንቀቁ። ቅባት የበዛበት ክሬም ጣዕሙን ይደብቃል፣ ነገር ግን የፕሮቲኑን መምጠጥ ያዘገያል፤ ልጁ በትንሹ መጠን ዝም ብሎ በትልቁ መጠን በኃይል ይነሳበታል። ስለዚህ የመግቢያውና የመውጫው ፈተና (ከሕክምናው በፊትና መጨረሻ ላይ የሚደረገው) በአንድ ዓይነት ማባያ መሆን አለበት። ማባያው ከተቀየረ ለውጡ የሕክምናው ይሁን የክሬሙ አይታወቅም።

#6 ጤና_አዳም
ፕላሴቦውስ? ልጅ ኦቾሎኒን በጠረኑ አይለየውም እንዴ?

#7 ሚዛን
ይለየዋል፣ በተለይ በትልልቆቹ መጠኖች። ለዚህ ነው አስቀድሞ አለርጂ በሌላቸው አዋቂዎች የሚሞከረው። ሦስት ኩባያ ታቀርባለህ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን ፈልጉ ትላለህ። በዘፈቀደ ብቻ ቢገምቱ ከሦስት አንዴ ያገኙታል። ከዚያ በግልጽ በልጦ ካገኙት ድብቁ ተገልጧል፣ አሠራሩ ይስተካከል። አብዛኛውን ጊዜ ፕላሴቦው የአጃ ዱቄት ነው፣ የተቆላ ቀለም እንዲኖረው ተደርጎ። ያዘጋጀው ሰው ፈተናው ወዳለበት ክፍል አይገባም፤ የትኛው ቀን እውነተኛው እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። ሁለቱ ፈተናዎች በተለያየ ቀን ናቸው።

#8 ነጭ_ጋውን
እዚህ ላይ በሕክምናው ወራትም ድብቁ እንደሚፈስ አትርሱ። በየቀኑ እውነተኛውን ዱቄት የሚወስድ ልጅ አፉን ያሳክከዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ እናትየው በሁለተኛው ሳምንት ታውቃለች። ስለዚህ የመውጫውን ፈተና የሚዳኘው ሐኪም ልጁን ሲከታተል የቆየው መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ፈተናው። በ2012 የአሜሪካና የአውሮፓ ባለሙያዎች በጋራ ያወጡት ስምምነት (ፕራክታል) 3፣ 10፣ 30፣ 100፣ 300፣ 1000፣ 3000 ሚሊግራም ፕሮቲን የሚለውን መሰላል ያቀርባል፤ በመጠኖቹ መካከል ቢያንስ 20 ደቂቃ። ሁሉንም የጨረሰ 4443 ሚሊግራም በልቷል። እንደ ሴትሪዚን ያለ አንቲሂስታሚን ከ5 እስከ 7 ቀን አስቀድሞ መቆም አለበት፤ ካልቆመ ምልክቱን ሸፍኖ ሐሰተኛ ድል ይሰጣል። ትኩሳት ወይም ያልተረጋጋ አስም ካለ ቀኑ ይተላለፋል።

ፈተናው መቼ ይቆማል የሚለው ትልቁ የጠብ ምንጭ ነው። የሚታይ ምልክት ቀላል ነው፦ ሰውነት ላይ የሚፈነዳ እብጥ እብጥ ያለ ሽፍታ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ የድምፅ መሻከር፣ የደም ግፊት መውረድ። አስቸጋሪው ልጁ ብቻ የሚያውቀው ነው። «አፌን አሳከከኝ» ወይም «ሆዴን አመመኝ» ሲል ምን ይደረጋል? ጥሩ አሠራር ምልክቱ እስኪያልፍ መጠበቅ፣ ከዚያ ያንኑ መጠን መድገም ወይም ቀጣዩን ማዘግየት ነው። አፍ ማሳከክ ብቻውን አያስቆምም። እየባሰ ከሄደ የሆድ ሕመም ጋር ሕፃኑ ጨዋታውን ትቶ ከእናቱ ጭን ካልወርድ ካለ፣ ፊቱ ገርጥቶ ዝም ካለ፣ ያ ከቃል በላይ ይናገራል፤ አቁሙ። አንዱ ክሊኒክ በመጀመሪያው ማሳከክ የሚያቆም፣ ሌላው እስከ ሽፍታ የሚጠብቅ ከሆነ የሁለቱ ውጤት አይነጻጸርም። ሕጉ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ በመግቢያም በመውጫም ያው ይሁን።

አድሬናሊን ከመጀመሪያው ማንኪያ በፊት ተስቦ ይዘጋጃል፦ በአንድ ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ካለው 0.01 ሚሊግራም በኪሎ፣ በጭን ውጫዊ ጎን ጡንቻ ውስጥ። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 0.2 ሚሊሊትር ነው። ከመጨረሻው መጠን በኋላ ሁለት ሰዓት መከታተል ግድ ነው። ይህን ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ አይሞክር።

#9 አባት_ከሽዋርማ_ሰፈር
ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የደም ምርመራ አለ አይደል። አይጂኢው ከ80 ወደ 40 ወርዶ ከሆነ ግማሽ ድኗል ማለት አይደለም?

#10 ላብ_ሠራተኛ
አይደለም ወንድሜ፣ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ማብላት ሲጀመር የኦቾሎኒው አይጂኢ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። በሦስተኛው ወር ለክቶ «ባሰበት» ብሎ ያቆመ ሰው ያለ ምክንያት ነው ያቆመው። ብዙ ማሽኖች ደግሞ ከ100 ኪሎ ዩኒት በሊትር በላይ አያነቡም። «ከ100 በላይ» የሚል ውጤት 110ም 900ም ሊሆን ይችላል፤ ናሙናው ቀጥኖ ካልተለካ የወረደውን አታየውም።

አይጂጂ4 (ሌላው ፀረ እንግዳ አካል) ይጨምራል። የሚነግርህ ግን ልጁ ኦቾሎኒ እየበላ መሆኑን ነው፤ እየተጠበቀ መሆኑን አይደለም። የቆዳው ምርመራ እብጠት ያንሳል፣ የአራ ኤች 2 (ከኦቾሎኒ ፕሮቲኖች የአንዱ) አይጂኢ ይወርዳል፣ ባዞፊል የተባሉት የደም ሕዋሳትም ለኦቾሎኒ መነሳታቸው ይቀንሳል። የባዞፊሉ ምርመራ ከሁሉም ይሻላል፣ ግን ደሙ ትኩስ መሆን አለበት፣ ባዞፊላቸው ጭራሽ የማይነሳ ሰዎችም አሉ። በቡድን ደረጃ እነዚህ ሁሉ ከመሻል ጋር አብረው ይሄዳሉ። አንድ ልጅ ስንት ሚሊግራም እንደሚችል ግን አንዳቸውም አይናገሩም።

#11 ጤና_አዳም
ሌላ ጥያቄ አለኝ። ሕክምናው ሲቆምስ? አለርጂው ጠፋ የሚባለው መቼ ነው?

#12 ቀመር
የክሩ ዋና ነጥብ ይህ ይመስለኛል። እየወሰዱ መቻልና አቁመውም መቻል ሁለት የተለያዩ ውጤቶች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ሰፊ ነው።

ኢምፓክት የተባለው ጥናት (ላንሴት፣ 2022) ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 48 ወር የሆኑ 146 ሕፃናትን ይዞ በየቀኑ እስከ 2000 ሚሊግራም አበላ። በ134ኛው ሳምንት 71 በመቶው 5000 ሚሊግራም ቻሉ፤ ከፕላሴቦው 2 በመቶ። ከዚያ ሁሉም ለ26 ሳምንት ኦቾሎኒ ተከለከሉና ተመልሰው ተፈተኑ። የቻሉት 21 በመቶ ነበሩ።

ፖይዝድ (ላንሴት፣ 2019) የጊዜውን ነገር ይበልጥ ያሳያል። ለሁለት ዓመት እስከ 4000 ሚሊግራም ከበሉ በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዲያቆሙ ከተመደቡት 60 ሰዎች ውስጥ ከ13 ሳምንት በኋላ 35 በመቶው 4000ውን ቻሉ። አንድ ዓመት ሲሞላ 13 በመቶ ቀሩ። በቀን 300 ሚሊግራም መውሰድ የቀጠሉትስ? በዚያው ጊዜ 37 በመቶ። ይህም ራሱ አስተማሪ ነው፤ መጠኑ ከ4000 ወደ 300 ሲወርድ ጥበቃውም ወርዷል።

ስለዚህ «ዳነ» የሚል ወረቀት ላይ የምፈልገው አንድ ቁጥር አለ፦ ከመጨረሻው ማንኪያ እስከ ፈተናው ስንት ሳምንት አለፈ? በ2012 በወጣው የእንቁላል ጥናት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነበር፤ 28 በመቶ ቻሉ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ የተለካ 28 እና በ26 ሳምንት የተለካ 21 ጎን ለጎን አይቀመጡም።

#13 እናት_በሜሪላንድ
እንዲህ ከሆነ ሕክምናው ላይ ያለ ልጅ አለርጂው ያን ያህል አያስቸግረውም ማለት ነው? ቢያንስ የድንገተኛ ክፍል ምልልሱ ይቀንሳል?

#14 ነጭ_ጋውን
ይህን መናገር ይከብዳል፣ ግን መነገር አለበት። በ2019 ላንሴት ላይ 12 የኦቾሎኒ ጥናቶችን፣ 1041 ሰዎችን ያጠቃለለ ትንታኔ ወጥቷል። በፈተና ክፍል ውስጥ ሕክምናው በግልጽ አሸንፏል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ግን ከሚታከሙት 22.2 በመቶው አናፊላክሲስ (መላ ሰውነትን የሚይዝ ከባድ የአለርጂ ጥቃት) ገጠማቸው፤ ካልታከሙት 7.1። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አለርጂ ያለበትን ነገር በየቀኑ ይበላል። የኑሮ ጥራት መለኪያውም በሁለቱ መካከል ልዩነት አላሳየም።

በቤት የሚወሰደው መጠን የሚያስነሳበትን ሁኔታ ማወቅ ግማሽ ጥበቃ ነው። ትላንት የቻለውን 300 ዛሬ የማይችለው ትኩሳት ሲኖረው፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሲወስድ፣ በልቶ ወዲያው ኳስ ሲሮጥ፣ በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ወይም ባዶ ሆዱን ሲሆን ነው። የእኛ ጎረምሶች በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ቆይተው መጀመሪያ የሚቀምሱት ዱቄቱ እንዳይሆን፤ ምግብ ይቅደም። ለሳምንታት የማይለቅ ማስመለስ ወይም ምግብ ጉሮሮ ላይ መያዝ ካለ ደግሞ የጉሮሮ ቱቦ ብግነት ሊሆን ስለሚችል ይመርመር፤ በሽፍታ ብቻ የሚከታተል ሰው ይህን ያመልጠዋል።

#15 ቀመር
የኑሮ ጥራቱ መጠይቅ (ኤፍ ኤ ኪው ኤል ኪው) ላይ አንድ ነገር። 0.5 ያህል ነጥብ ለውጥ ነው ለሰው ትርጉም አለው የሚባለው። ወላጁ የሚሞላውና ልጁ የሚሞላው አይገጥሙም፤ ወላጅ ሲያርፍ ልጁ ገና በዱቄቱ ጣዕም እየተሰቃየ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይጠየቁ።

#16 አባት_ከሽዋርማ_ሰፈር
እዚህ እስራኤል ሕፃናት ባምባ (የኦቾሎኒ መክሰስ) ከልጅነታቸው ስለሚበሉ ነው አለርጂው ያነሰው ይባላል። ያም ኢሚዩኖቴራፒ ነው?

#17 ነጭ_ጋውን
አይደለም፣ ያ መከላከል ነው። በ2008 የወጣ ጥናት የኦቾሎኒ አለርጂ በብሪታንያ አይሁድ ልጆች ላይ 1.85 በመቶ፣ በእስራኤል 0.17 በመቶ መሆኑን አሳየ፤ ከዚያ ሊፕ (2015) 640 ሕፃናትን ይዞ ቀድሞ መጀመር እንደሚከላከል አረጋገጠ። እዚያ የሚለካው ስንት ልጅ በ5 ዓመቱ አለርጂ ያዘው የሚለው ነው። አለርጂው አስቀድሞ ለያዘው ልጅ ባምባ መስጠት ግን አደጋ ነው።

#18 ጤና_አዳም
የመጨረሻ። ክሊኒክ ሄደን ምን እንጠይቅ?

#19 ሚዛን
ልጁ ከሕክምና በፊት በስንት ሚሊግራም ተፈትኖ ነበር? መግቢያ ላይ ሳይፈተን በደም ውጤት ብቻ የጀመረ ልጅ መጨረሻ ላይ 600 ቢችል፣ ከመጀመሪያውም ይችል እንደነበር ማንም አያውቅም። ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ከዚያ መውጫው ላይ ስንት ሚሊግራም፣ የቻለው ነው ወይስ የቀሰቀሰበት፣ ካቆመ ስንት ሳምንት ሆነው?

ፕሮቲኑ እንዴት እንደተሰላም ጠይቁ። ከናይትሮጅን ወደ ፕሮቲን ሲቀየር አንዳንዱ 6.25ን፣ አንዳንዱ ለኦቾሎኒ የተለየውን 5.46ን ያባዛል። በመጀመሪያው ስሌት 600 የተባለው ዱቄት በሁለተኛው 524 ነው። መግቢያውን በአንዱ፣ መውጫውን በሌላው ካሰሉት ልጁ ምንም ሳይለወጥ የተለወጠ ይመስላል።

#20 እናት_በሜሪላንድ
አመሰግናለሁ። ከመውጫው ፈተና በፊት ባለው ሳምንት ዱቄቱ ሁለት ቀን ቢያመልጠውስ?

#21 ነጭ_ጋውን
አንድ ወይም ሁለት ተከታታይ ቀን ካመለጠ በነበረበት መጠን መቀጠል ይቻላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሳትሰጡት መጀመሪያ ለሐኪሙ ደውሉ። ያመለጠበትን ምክንያትም ንገሩት። ትኩሳት ከነበረ ፈተናው ይተላለፋል፤ የታመመ ልጅ የሚያሳየው ደፍ የእሱ አይደለም።